የቤቱ ሽታ

ከሪያድ በስተምዕራብ፣ በዋዲ ሐኒፋ ሸለቆ፣ ከአንድ የቁርቁራ ዛፍ ሥር የንብ ቤት ነበረ። ቁርቁራን ዐረቦች ሲድር ይሉታል፤ የአበባው ማር በገበያቸው እጅግ የተከበረ ነው። በቤቱ የሚኖሩት ንቦች ደቃቆች፣ ወገባቸው ቢጫ፣ የሐምሌን 45 ዲግሪ ሙቀት ችለው ሠርተው የሚገቡ ነበሩ። ዘራቸው በዐረብ ምድር ብቻ አይወሰንም፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በእኛም ቆላ ይገኛል። ተመራማሪዎች የወዲህና የወዲያውን በአንድ ስም ነው የሚጠሯቸው።

በዚያ ቤት ሥራ የሚከፋፈለው በዕድሜ ነበር። ንብ ከሰም ክፍሏ በወጣች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤት ታጸዳለች፤ ቀጥላ ሞግዚት ሆና ሕፃናት ታበላለች፤ ጠና ስትል በር ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ ክንፏ እስኪበጣጠስ ድረስ አበባ ለአበባ ትመላለሳለች። ስለዚህ በዚህ ተረት ሞግዚቷ አዛለች ገና ልጅ ናት። የበሩ ዘብ ዘብይደሩ ታላቋ ናት። ቀሳሚዋ ወለላ ግን አሮጊት ናት፤ ሁሉም እማማ ይሏታል።

እማማ ወለላ የዚያ ቤት ልጅ አልነበረችም። አንድ ቀን ሰማዩን ያቀላው የአቧራ ነፋስ መንገድ አሳታትና በማታውቀው በር ላይ አረፈች። ዘቦቹ ከበው በአንቴናቸው ዳሰሷት። እያንዳንዱ የንብ ቤት የራሱ ሽታ አለው፤ የእሷ ሽታ የዚያ ቤት አልነበረም። ሆዷ ግን ከአበባ በቀሰመችው ወለላ ተሞልቶ ነበር፤ አንገቷንም ደፍታ ቆመች። ሸክም ይዛ የመጣችን ባዕድ ንብ ዘብ ብዙ ጊዜ ያሳልፋታል። ይህን ተረቱ አልጨመረውም፤ በእውነተኞቹ ንቦች በር ላይ የታየ ነገር ነው። ባዶዋን ብትመጣ ኖሮ እግሯንና ክንፏን ነክሰው ወደ አሸዋው ይወረውሯት ነበር።

ወለላም ገባች፤ ሠራች። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ የግራሩ አበባ የት እንደፈነዳ በጭፈራ ለሌሎቹ ትነግራለች። እየቆየችም የቤቱ ሽታ ተዋሐዳት። እንደ እሷ መንገድ የጣላቸው ሌሎችም ነበሩ። ዘቦቹ ግን ማን ከየት እንደመጣ አልረሱም።

አበባ የጠፋበት፣ ሸለቆው የደረቀበት ወራት መጣ። ከቁርቁራው ትንሽ ራቅ ብሎ ከግብፅ ተገዝተው የመጡ ንቦች ቤት ነበረ። ሙቀቱን አልቻሉትም፤ በሽታም ገብቶባቸው ቤታቸው ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር፤ በራቸውን የሚጠብቅ እንኳ አልቀረም። የቁርቁራው ቤት ብርቱዎች ይህን ሰሙና ተነሡ። የሰው ማር ዘርፈው፣ ሆዳቸውን ሞልተው፣ በድል ተመለሱ። ዘብይደሩ በር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ተቀበለቻቸው። ሁሉም የቤት ልጆች ነበሩ።

ከመካከላቸው በአንደኛዋ የሆድ ቀለበቶች መሃል አንዲት ቅንቅን ተሸጉጣ ነበር። ሳይንሱ ቫሮአ ይላታል። ቀይ ቡናማ ናት፤ ከቁመቷ ወርዷ ይበልጣል፤ ወርዷም 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ጠፍጣፋ ምስር ያለች፣ ዓይን የሌላት ፍጥረት። የጥንት አገሯ እስያ ነው። ከዚያው አገር ንብ ጋር ረዥም ዘመን ስለኖረች የዚያ ንብ እሷን ጠራርጎ መጣል ያውቅበታል፤ የእኛዎቹ ግን ያወቋት ትናንት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ችሎታዋ አንድ ነው፦ የተለጠፈችባትን ንብ ሽታ ትላበሳለች። ዘብይደሩ አንቴናዋን ዘርግታ ዳሰሰች፤ የቤቱን ሽታ አገኘች፤ አሳለፈች።

ጥገኛ ተባይ ከማንም አስቀድሞ የሚሠራው በዘቡ ላይ ነው። በሌሎች ነፍሳትም ይኸው ነው። አንዳንድ ተርብ በፍራፍሬ ዝንብ እጭ ሰውነት ውስጥ እንቁላሏን ስትጥል መርዝም አብራ ትጨምራለች፤ መርዙ የእጩን ተከላካይ ሕዋሳት ያፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ የተርቡ ልጅ ዝንቡን ከውስጥ እየበላ በሰላም ያድጋል። ቅንቅኗ ግን ማፍረስ አላስፈለጋትም። ቤቱን መምሰል በቃት።

ሕፃናቱ ወዳሉበት ወደ ሰሙ እንጀራ ወረደች። የንብ ሕፃን ለክንፍ ስትደርስ ሞግዚቶች ክፍሏን በሰም ይከድኑታል። ቅንቅኗ ክዳኑ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ገባችና ከሕፃኗ ምግብ ሥር ተደበቀች። ሞግዚቶቹም አብረው ከደኗት። በጨለማው ውስጥ በሕፃኗ ገላ ላይ አንዲት ቁስል ከፈተች፤ የወለደቻቸውን ሁሉ በዚያች ቁስል ዙሪያ ሰብስባ መገበቻቸው። በኩሩ ወንድ ነው፤ ከዚያ በየ30 ሰዓቱ ገደማ ሴት ሴት ትወልዳለች፤ ወንድሙ እህቶቹን እዚያው ያገባል። 12 ቀን ገደማ ቆይታ ንቧ ክዳኗን ቀዳ ስትወጣ እናትና ሴቶች ልጆች ተከትለው ወጡ። የንቧ ክንፍ ተጨማድዶ ነበር፤ ቅንቅን ያስተላለፈችባት ቫይረስ ነው ክንፏን የበላው።

መጀመሪያ አንዲት ነበረች። ቀጥሎ በየማለዳው ክንፈ ጎዶሎ ልጆች ከእንጀራው ላይ ሲወድቁ ታዩ። መብረር አቅቷቸው በበሩ ይወጡና በአሸዋው ላይ ይድሃሉ፤ ፀሐይ ሲወጣ ያልቃሉ።

ቤቱ ተሰበሰበ።

«ማን አመጣብን?» አለች አንዲቱ።

ዘብይደሩ ተነሣች። «በዚህ በር ሽታው ሌላ የሆነ ማንም አላለፈም» አለች፤ «ከእነ ወለላ በቀር።»

እማማ ወለላ ዝም አለች። ከእሷ ቀጥላ የገባች አንዲት ቀሳሚ ግን፣ «ልጄ ዘብይደሩ፣ ክፉ ነገር ይዘን ብንመጣ ኖሮ ገና ያኔ ባመመን ነበር» ብላ ለመነች። የሰማት የለም። ቤቱ ፈርቷል፤ የፈራ ቤት ደግሞ በዓይኑ የሚያየው ጠላት ይፈልጋል። ሽታ ሁሉ እንደገና ይመርመር ተባለ። እዚህ ሪያድ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ምን እንደሆነ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ያ ቤትም ለሽታ ኢቃማ አወጣ። ከዚህ ቤት እናት እንቁላል መወለዷን ማስረዳት ያልቻለች፣ ስንት ዘመን ማር ብታመላልስ፣ ውጪ ተባለች። ወለላና መሰሎቿ እየተጎተቱ ወጡ። ከቤቱ ፊት ለፊት ካለ ግራር ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስበው ተንጠለጠሉ።

እዚህ ላይ ተረቱን ገታ አደርጋለሁ፤ የምነግረው ለመንፉሓ ልጆች ነውና። መንፉሓ በደቡብ ሪያድ ያለ፣ ሐበሻ የበዛበት የድሃ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሳዑዲ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሠራተኞች ጉዳያቸውን እንዲያስተካክሉ የሰጠው የሰባት ወር ምሕረት በኖቬምበር መጀመሪያ አበቃ፤ አፈሳው ጀመረ። በዚያው ሰሞን በመንፉሓ ጎዳናዎች ግጭት ተነሣ፤ ሰው ሞተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው። ያን ሁሉ ሰው ቤት ሲጠርግ፣ ልጅ ሲያሳድግ፣ በግ ሲጠብቅ የኖረ ሠራተኛ አድርጎ ያስታወሰው ጥቂት ነበር።

ይህን ስል ጣቴን በሌላ አገር ሕዝብ ላይ ብቻ ቀስሬ ማለፍ አልችልም። ያንን ወጣት ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ ገጠር ያስነሣው፣ ጅቡቲ ጠረፍ ኦቦክ ወስዶ ጀልባ ላይ የጫነው፣ የመን ሲደርስ ለአጋች ያስረከበው ማን ነበር? የመንደሩ ደላላ ነው። ቋንቋችንን ይናገራል፤ የአባታችንን ስም ያውቃል፤ ለቅሶ ቤት አብሮን ይቀመጣል፤ «ወንድሜ» ብሎ ይጀምራል። ሽታው የቤታችን ሽታ ስለሆነ በር ላይ ማንም አላስቆመውም። ዛሬም በሪያድ ከደመወዛችን ላይ የሚበላው፣ የእህታችንን ገንዘብ ላስተላልፍ ብሎ የሚያስቀረው ይኸው ሰው ነው። እኛ ግን መኝታ ስናጋራ፣ ዕቁብ ስናስገባ፣ «የየት አገር ልጅ ነሽ? ስምሽስ የማን ወገን ነው?» እንላለን። ይህ ነገር ያንገበግበኛል፤ ለዚህም ነው ተረቱን የምናገረው።

ወለላና ጓደኞቿ በወጡ ማግስት ቤቱ እፎይ አለ። በሦስተኛው ማለዳ ክንፈ ጎዶሎ ልጆች ከበፊቱ በዝተው ወደቁ።

ረሃብም ተጨመረ። የተባረሩት የሚበዙት ቀሳሚዎች ነበሩና ወደ ቤት የሚገባው ቀነሰ። ጎደሎውን ለመሙላት ገና ሞግዚት መሆን የሚገባቸው ሕፃናት ወደ አበባ ተላኩ፤ መንገዱን ሳያውቁ፣ ክንፋቸው ሳይጠነክር፤ ብዙዎቹም አልተመለሱ። በሚፈርሱ የንብ ቤቶች ዘንድ ይህ በእርግጥ የሚሆን ነገር ነው።

ረሃብና በሽታ በነፍሳት ገላ ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ልንገራችሁ። የንብ ደም ቀይ አይደለም፤ ሥር ሳያስፈልገው በአካሏ ውስጥ የሚፈስ ፈዛዛ ፈሳሽ ነው፤ በውስጡ ተከላካይ ሕዋሳት ይዘዋወራሉ። ባዕድ ነገር ሲገባ ይከቡታል፤ ተደራርበው ይለጠፉበታል፤ ከዚያ ጥቁር ቀለም ይደድርበትና እንግዳው በዚያ ጥቁር ግንብ ተዘግቶ ይሞታል። ከቆዳዋ ሥር ያለው የስብ አካል ደግሞ ተህዋስያንን የሚገድሉ ንጥረ ነገሮች እያመረተ በደሟ ውስጥ ይለቃል። ይህ መከላከያ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ እንዴት እንደሚቀሰቀስ ያሳየው ጁልስ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ግን ጥቁሩን ግንብ የሚሠራው ኬሚካል የባለቤቱንም ሥጋ ይለበልባል፤ ሥራውም ስንቅ ይበላል። ያኒክ ሞሬና ፖል ሽሚድ ሄምፔል እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ባምብል በተባሉ ጸጉራም ንቦች ገላ ውስጥ በሽታ የማያመጣ፣ መከላከያቸውን ብቻ የሚቀሰቅስ ነገር አስገቡ። ምግብ ሲከለከሉ፣ መከላከያቸው የተቀሰቀሰው ካልተነኩት ቀድመው ሞቱ። የገደላቸው ጀርም አልነበረም። በባዶ ሆድ የተደረገ ዘብነት ነበር።

ቅንቅኗም በአዋቂ ንብ ላይ ስትለጠፍ የምትበላው ያንኑ የስብ አካል ነው። ብዙ ዘመን ደም መጣጭ ትባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው ሳሙኤል ራምዚና ባልደረቦቹ ሌላ መሆኑን ያሳዩት። መድኃኒት የሚቀመምበትን ጓዳ ነው የምትበላው ማለት ነው።

እና ንብ ብቻዋን ደካማ ናት። የማር ንብ ሙሉ የዘር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲነበብ፣ ለበሽታ መከላከያ የምታውላቸው ዘረመሎች የዝንብን ሲሦ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀረውን የምትሸፍነው በእህቶቿ ነው። አንዷ የሌላዋን ጀርባ ትጠርጋለች፤ ሬሳ የሚያወጡ አሉ፤ የሕፃናትን ክፍል ሻጋታ ሲደፍረው ተሰብስበው ገላቸውን በማንቀጥቀጥ ቤቱን ያሞቃሉ፤ ሙቀቱ ሻጋታውን ያሸንፈዋል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የተባለው ለእነሱ ይመስላል።

አዛለች ገና ሞግዚት ነበረች፤ ለበር ጉዳይ አትጠራም። አንድ ሌሊት በተከደኑት ሕፃናት ላይ ስትመላለስ ከአንዱ ክዳን ሥር የሞት የሞት የሚል ሽታ ሸተታት። ቀጭን ነበር፤ በሰሙ ውስጥ አልፎ የመጣ። ቆመች። አንቴናዋን አስጠጋች፤ ራቀች፤ መልሳ አስጠጋች።

«እትዬ ዘብይደሩ» ብላ ጠራች፤ «እዚህ ሥር የሆነ ነገር አለ።»

«ከአሁን ወዲያ ምን ይኖራል? ባዕዶቹን አስወጥተናል።»

«ከውጭ አይደለም። ከተከደነው ውስጥ ነው። ልክፈተው።»

«አንቺ ልጅ፣ የተከደነ ልጅ አይከፈትም። ብርድ ይገባዋል፤ ይሞታል። እናትሽ የጣለችውን እንቁላል በጥርስሽ ልታወጪ ነው?»

«ብከድነውም እየሞተ ነው፣ እትዬ።»

ዘብይደሩ መንገድ ዘጋችባት። አዛለች በሥሯ ሾለከችና የሰሙን ክዳን በጥርሷ ቀደደችው። ጠርዙን ጥቂት በጥቂት እየላጠች ከፈተችው። በውስጡ ያለችው ሕፃን ነጭ ነበረች፤ ዓይኖቿ ገና ሐምራዊ ሊሆኑ ሲጀምሩ፤ በሆዷ ላይ አንዲት ክብ ቁስል፤ በቁስሉ ዙሪያ ቀይ ቡናማዋ እናት ከግልገሎቿ ጋር። ግልገሎቹ ገና ፈዛዛ ነበሩ፤ ብርሃን ቢነካቸውም አፋቸውን አላነሡም። ዘብይደሩ ለመያዝ ዘለለች፤ አንቴናዋ ከቅንቅኗ ጀርባ ላይ አረፈና ደንዝዛ ቀረች።

«ይህማ የእኛ ሽታ ነው» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

አዛለች ሕፃኗን በእግሯ አቅፋ ጎተተቻት። ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ቢያይ ፊቱን ያዞራል፤ ጡት ያጠባችውን ነው በጥርሷ የምታወጣው። እስከ በር ጎትታ ከቤቱ አራቀቻት። ግልገሎቹ አየር ላይ ሲወጡ ደርቀው ሞቱ። እናቲቱ ግን አመለጠችና ሌላ ንብ ጀርባ ላይ ወጣች።

አዛለች ተመልሳ ሁለተኛውን ቀደደች፤ ሦስተኛውን። ሌሎች ሞግዚቶች መጀመሪያ አለቀሱ፤ ቀጥሎ የማሽተት ጸጋ ያላቸው አብረዋት ገቡ። ይህ ጸጋ ከእናት ይወረሳል፤ በአንዳንዱ ቤት በርካቶች አላቸው፣ በአንዳንዱ ጥቂቶች። ዎልተር ሮተንቡህለር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት የታመመ ልጅን ከፍተው የሚያወጡ ንቦች ጠባያቸው በዘር እንደሚተላለፍ አሳይቷል። የአዛለች ቤት ንቦችም ልጆቻቸውን በብዛት አጡ። አንዳንዱን ክዳን ከፍተው ጤነኛ ልጅ አገኙና መልሰው ከደኑ፤ አንዳንዱን ሳያስፈልግ አጠፉ። ቤቱ በግማሽ ተራቆተ። ቅንቅኖቹ አላለቁም፤ ግን ከዚያ ወዲያ የቤቱ ንቦች የእርስ በርሳቸውን ጀርባ መመልከት ለመዱ።

አዛለች አንድ ቀን ወደ ግራሩ በረረች። የተባረሩት ተንጠልጥለው በቆዩበት ቅርንጫፍ ላይ ጥቂቶች ቀርተው ነበር። ንብ ያለ ቤትና ያለ አውራ ብዙ አትቆይም።

«እማማ ወለላስ?» አለች።

«ከትናንት ወዲያ ውኃ ልቅዳላችሁ ብላ ወጣች» አሏት። «የቀራችሁን ይዤ ልግባ» አለች አዛለች። ሁለቱ መጡ። ሌሎቹ ግን፣ «በዚያ በር ዳግመኛ አንዳሰስም» ብለው ቀሩ፤ እሷም ልታስገድዳቸው አልሞከረችም።

የዘብነት ዕድሜ አጭር ነው፤ ጥቂት ቀናት። ዘብይደሩ ጥርሷ ሲደክም፣ እግሯ ሲከብድ፣ ተራዋ ደረሰና ቀሳሚ ሆነች። በሸለቆው ላይ ስትበር ያ ሰማዩን የሚያቀላ ነፋስ መጣ። ተሸክማው የነበረውን ግማሹን አፈሰሰችው። ሲበርድ ከድርዒያ ወዲያ፣ በማታውቀው የቴምር እርሻ ውስጥ፣ በማታውቀው በር ላይ ነበረች።

አንዲት ልጅ እግር ዘብ ወጣች። ዳሰሰቻት።

«የማን ቤት ነሽ?»

ዘብይደሩ የቤቷን ምልክት፣ ቁርቁራውን፣ ሸለቆውን ነገረቻት።

«እትዬ፣ ነይ እስቲ» አለች ትንሿ ወደ ውስጥ ተጣርታ፤ «ሽታዋ የእኛ አይደለም። ሸክሟም ጎደሎ ነው።»

«የያዝኩት ይኸው ነው» አለች ዘብይደሩ፤ ጠብታውን በምላሷ ጫፍ ዘርግታ። «ሽታዬንም እንዳልሽው አልደብቅም። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ከሆዴ ቀለበቶች መሃል እዩ። አንድ በአንድ። የራሳችሁንም ልጆች ሲገቡ እንደዚያው እዩ።»

«ምን እንዳለ ነው የማየው?»

ዘብይደሩ ጎኗን አዞረችና ቀለበቶቿን ዘርግታ፣ ቅንቅኗ የምትሸጎጥበትን ስንጥቅ ለልጅቷ ታሳያት ጀመር።